በሩ ጋ ለክቼ ጉድጓዱ ላይ ያሰርኩት

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች አለን። ኋላ ማን ምን አለ ብላችሁ እንዳትቸገሩ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ።

አንደኛው ታደለ ነው። የሚኒባስ ባለቤትም ሹፌርም ራሱ ነው። ማለዳ መገናኛ ቆሞ የአውሮፕላን ማረፊያውን የካርጎ ሠራተኞች ይጭናል፣ በገርጂ በኩል አድርጎ ያደርሳቸዋል፣ ማታ ደግሞ ይመልሳቸዋል። ቁጡ ነው፤ ቂም ግን አያውቅም። መኪናዋን «እሜቴ» ነው የሚላት።

ሁለተኛው ሱልጣን ነው። ወሎ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ጋራዥ ሦስት በር ወረድ ብሎ ቶርኖ ቤት አለው፤ ብረት ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ያስተካክላል። እሱ የስልጤ ሰው ነው፣ እኔ የሆሳዕና። ጎረቤት ከሆንን ሃያ ሁለት ዓመት አልፎናል። በኢድ እሱ ቤት ሄጄ ሽሮ እበላለሁ፣ በገና እሱ እኔ ቤት መጥቶ ሽሮ ይበላል። በዓል በመጣ ቁጥር «ዛሬም ለሽሮ ነው የጠራኸኝ?» እየተባባልን ስንስቅ ነው የኖርነው።

ሦስተኛዋ ሊዲያ ናት፣ የመጀመሪያ ልጄ። ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች፤ ክፍል በማይኖራት ቀን ጋራዥ መጥታ ደረሰኝ ትጽፍልኛለች። መንጃ ፈቃድ አላት። ከእኔ ሠራተኞች ሁሉ በተሻለ እሷ በጠባብ ቦታ መኪና ታዞራለች፤ ይህን ፊት ለፊቷ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አራተኛው እኔ ነኝ፤ ማቴዎስ እባላለሁ። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። ሆሳዕና መናኸሪያ አውቶቡስ ሥር ተኝቼ፣ ሌላው ሲፈታ አይቼ፣ እኔ ስገጥም ተሳስቼ ነው የተማርኩት። ስለዚህ በእጄ እኮራለሁ። በልጆቼም ላይ ጥብቅ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ሁለት ሕግ አለ፤ ውሸት አይነገርም፣ የሰው ስም በሌለበት አይነሳም። ሁለቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለቱንም ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። ታደለ መኪናዋን በሩ ጋ አቁሞ ወረደ።

«ጋሼ፣ እሜቴ ኋላዋ ወድቋል።»

«አርጅታ ነዋ።»

«አላረጀችም፤ ሰው ወፍሮ ነው! የካርጎ ሠራተኛ ዕቃ ሲያነሳ ውሎ ምን ያህል እንደሚበላ አላዩም። ገርጂ ጋ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ስሞላ ሆዷ መሬት ይፍቃል። ባሌስትራው ላይ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ብረት ይደረብልኝ።»

«ኋላዋ ከፍ ሲል ዘንጉም መረዘም አለበት፤ ልኩም ይለወጣል። እሱን ሁሉ ነው የምትከፍለው።»

«እርስዎ ካሉ ልክ ነው» አለ ታደለ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የዚህ ዓይነት መኪና ሞተሩ ከፊት ነው፣ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ ናቸው። ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ከወለሉ ሥር የሚሽከረከር ረጅም የብረት ዘንግ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቼራ የምንለው የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ አለ፤ መኪናው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ እንዲታጠፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ ካምቢዮው ወደ ኋላ አራት ዲግሪ ካዘቀዘቀ፣ ዲፈረንሻሉም አፉን በዚያው አራት ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ማድረግ አለበት። እኩል ከሆኑ የአንዱን ክሮቼራ ንዝረት ሌላው ይሽረዋል። እኩል ካልሆኑ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይታገላል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራው እየተበላ ሄዶ አንድ ቀን ይሰበራል። ማስተካከያው ባሌስትራ በምንለው፣ መኪናውን በሚሸከመው ተደራራቢ ብረትና በኋላው አክስል መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። መለኪያዬ ደግሞ ግንበኛ የሚይዘው ዓይነት፣ ዲግሪ የሚያሳይ ውሃ ልክ ነው።

ያን ቀን መኪና ከሥር የምንሠራበት ጉድጓድ ላይ ሌላ መኪና ነበር። ስለዚህ እዚያው በሩ ጋ ባሌስትራውን ደረብን፤ ዘንጉን ፈትቼ ለሱልጣን ላክሁለት፤ ካርቶን አንጥፌ ተኛሁና ካምቢዮውን ለካሁ። ውሃ ልኩ አንድ ዲግሪ አለኝ። ገረመኝ። የዚህ ዓይነት መኪና ካምቢዮ አንድ ዲግሪ ብቻ ሲያዘቀዝቅ አይቼ አላውቅም። ግን «ዕቃው አይዋሽም» ብዬ በጠመኔ በሩ ላይ «1» ብዬ ጻፍኩና ተነሳሁ።

ወደ ስድስት ሰዓት ጉድጓዱ ተለቀቀ። ዘንጉ ስለወጣ መኪናዋ በሞተር አትሄድም።

«ሊዲያ፣ መሪ ያዢ፤ ሠራተኞቹ ይግፉልሽ።»

ማንም ሳይገፋት መኪናዋ ቀስ ብላ ተንከባለለች። ሊዲያ ፍሬን ይዛ ይዛ ጉድጓዱ ላይ ልክ አስቀመጠቻት። እኔም ከምሳ በኋላ ጉድጓድ ገብቼ፣ በሩ ላይ የጻፍኩትን ይዤ፣ ዲፈረንሻሉን በሽብልቅ አንድ ዲግሪ ላይ አሰርኩት።

አሁን ስህተቱ የገባችሁ አላችሁ። የእኔ ግቢ ከበሩ ወደ ጉድጓዱ ቁልቁል ነው። ጉድጓዱ ያለበት ብቻ ሜዳ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ከበሩ ወርዶ ጉድጓዴ ውስጥ ይገባል፤ ሃያ ዓመት በባልዲ ቀድቼዋለሁ። አውቀዋለሁ ማለት ነው። ውሃ ልክ የሚለካው ከመሬት አንጻር ነው፤ መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ ተዳፋቱንም አብሮ ይለካል። ሁለቱም ልኮች መኪናው አንድ ቦታ ቆሞ መወሰድ አለባቸው። እኔ አንዱን በሩ ጋ፣ ሌላውን ጉድጓዱ ላይ ወሰድኩ። በሩ ጋ አፍንጫዋ ቁልቁል ስለነበር ተዳፋቱ ከልኩ ላይ ቀንሶብኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱልጣን ዘንጉን በትከሻው ይዞ መጣ።

«ይኸው ሙሽራህ። ተኩላ፣ ተቀብታ።»

«ቀጥ ብላለች?»

«ካንተ ትሻላለች» አለና ወገቤን በቡጢ ነካ አደረገኝ። ወገቤ እንደሚያመኝ ያውቃል።

ገጠምን። ሞከርናት። በዚያ ሰዓት ወሎ ሰፈር አካባቢ መኪና እንኳን ስልሳ ሊነዳ ሃያም አይነዳም፤ ስለዚህ ምንም አልተሰማንም። ታደለ ከፍሎ ሄደ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። ሳይወርድ ነው መጮህ የጀመረው።

«ጋሼ! ስሞላና ከስልሳ ሲያልፍ ትንቀጠቀጣለች! ተሳፋሪው ‹ታደለ፣ ማሳጅ ጨመርክልን እንዴ?› እያለ ይስቅብኛል። አንዷ ሴትዮማ ጥርሷ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም!»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በዚያች ደቂቃ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ ካርቶኔን ይዤ መኪናው ሥር መግባት። ያ አንድ ዲግሪ ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነበር። ግን ግቢው በደንበኛ ተሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ጋሽ ማቴዎስ ነኝ። ሥር ሳልገባ፣ ሳልለካ፣ ቆሜ፣ «ቶርኖው ነው» አልኩ። «ዘንጉ ጠሟል።»

ሱልጣን ተጠርቶ መጣ። እጁ ዘይት ነበር፤ በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

«አልጠመመም፣ ማቴ።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጣታል? ሰይጣን?»

«ሰይጣንስ እንጃ። ልኩን ድጋሚ እየው እስኪ።»

«እኔን ልክ ልታስተምረኝ ነው?»

ሊዲያ ከደረሰኙ ጠረጴዛ ተነስታ መጣች። «አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት መኪናዋን ወደ ጉድጓዱ ሳወርዳት ማንም አልገፋትም እኮ። ራሷ ናት የወረደችው። በሩ ጋ የለካኸው…»

ገባኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ገባኝ።

«አንቺ ደረሰኝሽን ጻፊ!» አልኳት፣ በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፄ።

ሊዲያ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች።

ሱልጣን ዘንጉን አስፈትቶ እኔንና ታደለን ቶርኖ ቤቱ ወሰደን። ማሽኑ ላይ አሰረው፣ አስነሳው፣ ጠመኔ ይዞ ጫፉን ወደሚዞረው ብረት ቀስ ብሎ አስጠጋ። ዘንግ ከጠመመ ጠመኔው የሚነካው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሱልጣን ሲያጠፋው ነጩ መስመር ዙሪያውን እንደ ቀለበት ሞልቶ ነበር።

«አየኸው?»

አይቼዋለሁ። «በአንተ ማሽን ላይ ሁሉም ቀጥ ነው» አልኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ያወቅሁት ሰው ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ። አልተቆጣም። ታደለን ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ ከእንጀራህ አላስቀርህም። በራሴ ወጪ ሌላ እሠራልሃለሁ» አለው። አሥር ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ዘንግ፣ አዲስ ክሮቼራ ጨምሮበት፣ ከመጀመሪያው ጋር አመጣ። አንዲት ቀልድ አልተናገረም። አስቀምጦ ሄደ።

ገጠምኩት። ታደለ ወጥቶ ሞክሮ ተመለሰና፣ «አሁንም አለች፣ ጋሼ» አለኝ።

«አዲስ ስለሆነ ነው። ሁለት ቀን ንዳት፤ ይላመዳል።»

ክሮቼራ አይላመድም። ይህን አውቃለሁ። ታደለ ግን አመነኝ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ… ዘንጉ ተሰበረ።» ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። አልጮኸም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ሰውስ?»

«ሰው ደህና ነው። ጋሼ፣ ወለሉን ቢያዩት።»

መኪናዋ በጎታች መጥታ ጉድጓዱ ላይ ቆመች። የፊተኛው ክሮቼራ ተበጥሶ ዘንጉ ወድቆ፣ እስክትቆም ድረስ ወለሉን ከሥር ሲደበድበው ነበር። ከሦስተኛው ረድፍ ሥር ላሜራው ወደ ላይ አብጦ፣ የወንበሩ ብረት ተጣሟል። ታደለ ጣቱን ጠቆመ።

«እዚች ጋ የምትቀመጠው ሴትዮ ዛሬ አልመጣችም። ልጇ አሞት ነው። በየቀኑ እዚች ጋ ናት።»

አንድ እናት የታመመ ልጅ ስለነበራት ብቻ ከእኔ ኩራት ተረፈች።

ወሬ ከጎታች መኪና ይፈጥናል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወሎ ሰፈር ሁሉ፣ «የሱልጣን ዘንግ ሰው ሊፈጅ ነበር» ይል ጀመር። ያን ዕለት እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ግን አላስተባበልኩም። ሁለት ሰዎች ሱልጣን ዘንድ የሰጡትን ሥራ ሳያልቅ እየተሸከሙ ሲወስዱ ከጋራዤ በር ቆሜ አየሁ። ሱልጣን ለጁምዓ ሱቁን ዘጋ። ከሶላት በኋላ አልከፈተም።

ማታ ገበታ ቀርቦ እንደ ልማዴ ጸለይኩ። ሁሉም አሜን አሉ፤ ሊዲያ ዝም አለች።

«አሜን አላልሽም።»

«ስትጨርስ እላለሁ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«አልጨረስክም» አለችና ለእናቷ ወጥ ጨለፈች።

ቅዳሜ ማለዳ ማንም ሳይመጣ ጋራዡን ከፈትኩ። ውሃ ልኩን በሩ ጋ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ዲግሪ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ዜሮ። አንድ ላይ ሦስት ሲደመር አራት። የካምቢዮው እውነተኛ ልክ አራት ነበር፤ እኔ ዲፈረንሻሉን አንድ ላይ አስሬዋለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ማንም ሳያይ ሽብልቁን ቀይሬ ነገሩን መቅበር እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። መኪናዋ ትድናለች፣ ታደለ ይሠራል፣ የሱልጣን ስም ደግሞ… ወሬ ነው፣ ይረሳል። ራሴን እንዲህ እያጽናናሁ ሽብልቁን ቀየርኩ። ዘንግም ያስፈልገኝ ነበር። ግድግዳው ሥር የመጀመሪያው ቆሟል፣ ያ በሰው ፊት «ጠማማ» ያልኩት። አዲስ ክሮቼራ አስገዝቼ እሱኑ ገጠምኩት። ልክ ገባ። ለምን አይገባም? ከመጀመሪያውም ቀጥ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ታደለ መጣ። ከዓርብ ወዲህ ባዶ መኪና መለካቱን አላመንኩትም፤ የምትሠራው ሞልታ ነውና ሞልታ ልለካት ፈለግሁ።

«ሰው ሙላባት» አልኩት። «እኔ ከሥር እለካለሁ።»

«ሲሚንቶ ብንጭንስ?»

«በዚህ ዋጋ? ሰው ይረክሳል። ሻይ በፓስቲ እጋብዛለሁ በል።»

ታደለ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ታክሲ ረዳት ጮኸ፦ «መገናኛ! መገናኛ! በነፃ! የማትሄድ መኪና! ሻይ በፓስቲ አላት! ግቡ፣ ግቡ!»

መንገድ ላይ ያለው ሁሉ እየሳቀ መጣ። ሎተሪ አዟሪው፣ ጎሚስታው፣ የፓርኪንግ ልጆች፣ ከሱቁ ሁለት ሴቶች። ሊዲያም ሳትጠየቅ ገብታ ያበጠው ወለል ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ። ወለሉ ስስ ስለሆነ ንግግራቸው ሁሉ ይሰማኛል።

«ተጠጋ እንጂ!»

«ሒሳብ ሳይከፈል ማን ይጠጋል?»

«ስንት ጎደለን?» አለ ታደለ።

«አንድ።»

ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ አንድ ጊዜ ዝቅ አለች። ሰው ገባ ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላየሁም። ሳቁ ግን ቀዘቀዘ። ውሃ ልኩን ካምቢዮው ላይ አስቀመጥኩ። አራት። ዲፈረንሻሉ ላይ። አራት። በትክክል።

ከላይ የጎሚስታው ድምፅ መጣ። «እንግዲህ አንተም መጣህ? ሥራህን ልታይ ነው?»

ሌላው ቀጠለ፦ «እውነት ግን ያቺ ሴትዮ ብትኖርባት ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«ጋሽ ማቴዎስ ባይኖሩ ምን ይውጥህ ነበር?» አለች አንዷ ሴት። «ጠማማህን አቀኑልህ።»

ከዚያ የሱልጣን ድምፅ ተሰማኝ፣ በቀጥታ ከራሴ በላይ። «ሰው ጎድሏቸዋል ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ክብደቴን ላዋጣ ብዬ።»

በሐሰት ስሙን ያጠፋሁት ሰው፣ እኔ የጀመርኩት ሐሜት ፊቱ እየተወራ፣ የእኔን ስህተት ለማስተካከል ክብደቱን ሊያዋጣ መጥቶ ተቀምጧል። እኔ ከእግሩ ሥር ነኝ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ የሊዲያ ዝምታ ነው። እዚያው አጠገቡ ነበረች። በአንድ ቃል ልታዋርደኝ ትችላለች። አልተናገረችም፤ ቃሉ የእኔ እንደሆነ ታውቃለች።

ከጉድጓዱ ወጣሁ። በሩን ከፍቼ ቆምኩ።

«ዘንጉ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለ ሎተሪ አዟሪው።

«ሱልጣን የሠራው ቀጥ ነበር። ሁለቱም ዘንጎች ቀጥ ነበሩ። ካምቢዮውን በሩ ጋ ተዳፋቱ ላይ ለክቼ ዲፈረንሻሉን እዚህ ሜዳው ላይ አሰርኩት። ሦስት ዲግሪ ተሳሳትኩ። ሊዲያ ሐሙስ ነግራኝ ነበር፤ በሰው ፊት አፏን ዘጋሁት። ሱልጣን ልኩን እይ አለኝ፤ ሰደብኩት። ለታደለም ይላመዳል ብዬ ዋሸሁት። አሁን ከሥራችሁ የገጠምኩት ዘንግ ያው ጠማማ ያልኩት ነው።»

ታደለ ወለሉን በእግሩ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሰው ጭኜ ነበር እኮ» አለ። ይህ ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሱልጣን ጎንበስ ብሎ ወረደ። ፊት ለፊቴ ቆመ።

«አንድ ዲግሪ ሲልህ አልገረመህም?»

«ገርሞኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ አልመጣህም? አብረን ብናየው ምን ነበር? በሃያ ሁለት ዓመት ስንቴ አብረን አይተናል?»

ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ቶሎ ይቅር እንዲባል የማስቸኮል መብት የለውም።

ሰዎቹ ግን አንወርድም አሉ። «ሞክሩብን» አለች ያችው ሴት፤ «ሊዲያም ከተቀመጠች እኛ ምን እንሆናለን?» እኔ ልጄን ከዚያ ወንበር አስነስቼ ራሴ ተቀመጥኩበት። እስከ መገናኛ ሄደን ተመለስን። መንገዱ ሲለቅ ታደለ ሰባ አስገባት። ወለሉ ጸጥ አለ። ሊዲያ ከኋላዬ ትከሻዬን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «አሜን» አለችኝ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ አባቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ልጆቼን እውነት ያስተማርኳቸው ስመክራቸው ይመስለኝ ነበር። ምክሬ ውሃ ልክ ነው፤ የቆምኩበት መሬት ካዘነበለ የማነበውም ያዘነበለ ነው። ልጄ የነገረችኝን ሐሙስ ብሰማ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ሥራ ያልቅ ነበር። ያልሰማኋት ስላላወቅሁ አልነበረም፤ ስላወቅሁ ነው። ልጃችሁን በሰው ፊት ዝም ስታሰኙ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተቆጣሁት ተሳስታ ነው ወይስ ልክ ሆና?

ሰኞ ሥራቸውን ከሱልጣን የወሰዱትን ሁለቱን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዱ መለሰለት፣ ሌላው እስከ ዛሬ አልመለሰም። ስም ዘንግ አይደለም፤ ቀጥ ስላለ ብቻ ወደ ቦታው አይገባም። ሱልጣን ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ እንጂ ቀልድ አልሰጠኝም። በገና ቀን ግን ሳልጠብቀው በሬን አንኳኳ። «ሽሮ አለ ወይስ እሱንም በሩ ጋ ነው የለካኸው?» አለኝ። ባለቤቴ ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በጋራዤ በር ላይ፣ ያ «1» ተጽፎ በነበረበት ቦታ፣ ሊዲያ በቀይ ቀለም፣ «መኪናው ከተንቀሳቀሰ ልኩ ይሰረዛል» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ስሟን እንድታኖርበት ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

ወጪውን ሁሉ እኔ ከፈልኩ። ሱልጣን አልቀበልም አላለም፤ ቆጥሮ ተቀበለ፤ በመቀበሉ ደስ አለኝ፣ ባዶ ይቅርታ ርካሽ ነውና። ሒሳቡን የሠራችው ሊዲያ ናት፤ እንዳለ ልጻፈው። ሁለተኛው ዘንግ ከነክሮቼራው ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። የቅዳሜው ክሮቼራና የወለሉ ላሜራ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። ጎታች አራት ሺህ። ታደለ ሥራ የፈታባቸው ሦስት ቀናት አሥር ሺህ አምስት መቶ። ከሱልጣን እጅ ተነጥቀው የወጡት ሁለት ሥራዎች ስምንት ሺህ። ውሃ ልኩን እንደገና አስቀምጬ ለማየት ይፈጅብኝ የነበረው ሦስት ደቂቃ ነው። ሳላደርገው በመቅረቴ የወጣው በድምሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ብር።